ለነቀዝ ብላችሁ ከአገር ቤት ክኒን አታምጡ፤ የጠርሙሱንም ዘይት አትመኑ



ሙቀቱ ገብቷል። የሽሮው ከረጢት ሲከፈት ብል ብር ብሎ የሚወጣበት፣ በርበሬው ውስጥ ትንንሽ ቡናማ ጥንዚዛ የሚርመሰመስበት ጊዜ ነው። እንደ ወትሮው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። አንደኛው ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው የነቀዝ ክኒን ነው። ሁለተኛው በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው፣ «መቶ በመቶ ቲቭዒ፣ የነቀዝን ዘር ያጠፋል» የሚባልለት የቅጠል ዘይት ነው። ስለ ሁለቱም ዝም ብለን ከረምን፤ ይብቃን። የመጀመሪያው ሰው ይገድላል። ሁለተኛው ደግሞ የእናቶቻችንን እውቀት ግማሹን ቆርጦ በውድ ዋጋ መልሶ ለእኛው ይሸጥልናል።

የክኒኑን ነገር ላስቀድም። በአገር ቤት ገበያ «የነቀዝ መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጠው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ነው። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ራሱ አይደለም። ከአየሩ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ፍሬው ውስጥ ድረስ ሰርጎ ነቀዙንም እጩንም ይጨርሳል። ለትልቅ የእህል መጋዘን፣ የሠለጠነ ሰው ጭንብል አድርጎ፣ በር አሽጎ፣ ቀን ቆጥሮ፣ መጨረሻ ላይም አየሩን በመሣሪያ ለክቶ ሲሠራበት ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነገር ነው። ሰው ሲተነፍሰው ግን ማርከሻ የለውም። እዚህ ላይ አስምሩበት። ሶሮካም ተኪዶ ሐኪሙ የሚችለው ልብንና ሳንባን መደገፍ ነው እንጂ መርዙን የሚያፈርስ መርፌ አይኖረውም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያሉ ሐኪሞች ይህን መመረዝ ጠንቅቀው ያውቁታል።

እስራኤልም ታውቀዋለች። በፈረንጆች ጥር 2014 ኢየሩሳሌም ውስጥ ጊቫት ሞርደኻይ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤተሰብ ቤቱን በማድቢር አሠርቶ ተመለሰ። ሁለት ትንንሽ እህትማማቾች ሞቱ፤ ሁለት ወንድሞቻቸው ከሞት አፋፍ ተረፉ። ቤቱ ውስጥ የቀረው ይኸው ፎስፊን ነበር። አገር ተንጫጫ፣ በ2016 የማድቢሮችን ሥራ የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። ልብ በሉ እንግዲህ፣ ያንን ያደረገው ሥራዬ ብሎ የያዘ ማድቢር ነው። እኛ ደግሞ ክኒኑን በጨርቅ ቋጥረን የጤፍ ዱቄት ከረጢት ውስጥ የምንከት ነን።

«አሥር ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሺ፣ የት ሆነው ነው የተጠቀሙበት? አገር ቤት ጎተራው ደጅ ነው የሚቆመው። ነፋስ ይመታዋል፤ ሰው አጠገቡ አይተኛም። እዚህ የምንኖረው ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ ማዝጋኑ እንዳይባክን ብለን መስኮቱን ሁሉ ዘግተን። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ አልፎ የጎረቤት ቤት ይገባል። እናንተ ብትተርፉ የጎረቤት ሕፃን ላይተርፍ ይችላል።

ከዚህም የባሰ አለ። ማማድ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ እውነቱን እንነጋገርና ማማዱን ያደረግነው ጎተራ ነው። የጤፉ ከረጢት እዚያ፣ የሽምብራው እዚያ፣ የበርበሬው ባልዲ እዚያ። (በሰፈር ዳሌትና በሰፈር ጊመል አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያላችሁ ይህ ቅንጦት የላችሁም፣ አውቃለሁ፤ የእናንተ ከአልጋ ሥር ነው፣ እሱም የሚሻል አይደለም።) ማማድ ማለት ሆን ተብሎ አየር እንዳያስገባና እንዳያስወጣ፣ ለጋዝ ጥቃት ጭምር ተብሎ የተሠራ ክፍል ነው። በሰኔ 2025 ሚሳይል ሶሮካን በመታበት ሰሞን ልጆቻችንን አቅፈን ያደርነው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እንግዲህ ክኒን የተከተተበት ከረጢት ካለበት ክፍል ውስጥ የብረት በሩን ዘግተው፣ ከነልጅ ልጆችዎ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ ያስቡት። ምልክቱ ደግሞ ያታልላል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትንፋሽ ማጠር። እዚህ አገር ልጅ ባስመለሰ ቁጥር «ቪሩስ ነው፣ ያልፋል» ነው የምንባለው።

የክኒኑ ይህ ነው። አሁን ወደ ዘይቱ።

ከሁሉ በፊት ለእናቶቻችን ክብር ልስጥ። ልጆቻችን «እማ፣ ቅጠል ነቀዝ ይገድላል እንዴ?» እያሉ የሚስቁት ባለማወቅ ነው። ቅጠል ይገድላል። ጥንጁት አጥኖ ጋን ማዘጋጀት፣ ጎታውን በወይራ ጭስ ማጠን፣ ጤናዳምና በሶብላ እህሉ መሀል ጣል ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ከንቱ ልማድ አይደለም። በቤት ዳጋን ያለው የቮልካኒ ማእከል ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም ኤሊ ሻዓያ የሚባሉት፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመዓዛ ዕፅዋትን ዘይት በእህል ተባዮች ላይ ፈትነዋል። ትነቱ በነፍሳቱ የመተንፈሻ ቀዳዳ ገብቶ እንደሚገድል አይተዋል። በ2002 ያወጡት ጥናት ደግሞ እንዴት እንደሚገድል ይናገራል። ነፍሳት ኦክቶፓሚን የሚባል የነርቭ መልእክተኛ አላቸው፤ የዘይቱ ንጥረ ነገር እሱን ይረብሻል። ሰውና ከብት በዚያ መልእክተኛ ላይ እንደ ነፍሳቱ ስለማይመኩ እንደ ፎስፊን ሁሉን አንድ ላይ አይጨርስም። እንግዲህ ወለቃና አምቦበር ያሉ እናቶች በአፍንጫቸው ያወቁትን ቮልካኒ በመሣሪያ አረጋገጠው ማለት ነው። እንዶድም እኮ እንዲሁ ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ አየ፤ የቢልሃርዝያ መከላከያ ከዚያ ተነሣ። ነገር ግን አክሊሉ ከወንዙ ቀድቶ በጠርሙስ አልሸጠም። ስንት እንዶድ፣ በስንት ውኃ፣ ስንት ሰዓት ብሎ ለካ።

ጠርሙስ ሻጮቻችን ያልለኩት ይህንን ነው።

ዘይቱ እንዴት እንደሚወጣ እናቶች ከማንም በላይ ይገባችኋል፤ እንደ አረቄ ነው። ቅጠሉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ከአንድ ኪሎ ቅጠል የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው «ቅጠል» አይደለም፤ ጠላና አረቄ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ። ኃይሉም ጉዳቱም ተጠርቅሟል።

ታዲያ ለምን አይሠራም? በባዶ ብርሌ ውስጥ ነቀዝ አስገብታችሁ ሁለት ጠብታ ብትጨምሩ ይሞታል። ሻጩም በስልክ ቪዲዮ የሚያሳያችሁ ይህንኑ ነው። እህል የሞላበት ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው። እህሉና ዱቄቱ ራሱ ትነቱን ይጠጣዋል፤ ነቀዙ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹም የተቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ባዶ ቦታ ላይ በጥቂቱ የገደለው ዘይት እህል ሲሞላበት ብዙ እጥፍ ያስፈልገዋል። ያን ያህል ከጨመራችሁበት ደግሞ ሽሮው ሽሮ መሆኑ ቀርቶ የባሕር ዛፍ ሳሙና ይሸታል። በዚያ ላይ ነቀዝ እንቁላሏን የምትጥለው ፍሬውን ቦርቡራ ውስጡ ነው፤ አፉንም ትደፍነዋለች። እጩ እዚያው ውስጥ ሆኖ ይበላል፣ ያድጋል። የዘይቱ ሽታ ውጭ ያሉትን ቢገድል እንኳ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ አዲስ ትውልድ ይወጣል። ያኔ ሻጩ ምን ይላል? «ሌላ ጠርሙስ ጨምሪ!» ይላላ።

አገር ቤት የሠራው ቅጠሉ ብቻውን አልነበረም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ነቀዝ በሙቀት ከእንቁላል ተነሥቶ ለመውጣት አንድ ወር ገደማ ይበቃዋል፤ በብርድ ግን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈጅበታል። ቤር ሼቫ ነሐሴ ላይ ከ33 ዲግሪ በላይ ነው የምትውለው፤ ከዚያ ማታ ወጥ ቤቱ የሚኖረው ሙቀት ለነቀዝ ሠርግ ነው። ሁለተኛ፣ እህሉ በፀሐይ በደንብ ደርቆ ነበር የሚገባው። ሦስተኛ፣ ጎታው በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ አፉ ተደፍኖ፣ አየር አያስገባም ነበር። አመድ የሚደባለቅበትም ነበር፤ አመድ የነቀዙን ሰም የመሰለ ቆዳ ፍቆ ያደርቀዋል። ባቄላና ማሽላ መሀል ጤፍ የሚነሰንስም ነበር፤ ጤፍ ክፍተቱን ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። ጤፍ ራሷ ፍሬዋ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች ነቀዝ ውስጧ ሊያድግ አይችልም፤ ለዚህ ነው ብዙ ዓመት የምትቆየው። (የጤፍ ዱቄት ግን ሌላ ነው! ዱቄቱን የዱቄት ጥንዚዛም ብልም ይበሉታል። «ጤፍ አይነቅዝም» ብላችሁ 25 ኪሎ ዱቄት በሙቀት የምታስቀምጡ፣ የሚባለው ስለ ፍሬው ነው።)

በዚህ ሁሉ ላይ የፋሲካው ጽዳት ነበር። ፋሲካ ሲደርስ አሮጌውን ሸክላ ሰብረን በአዲስ የምንተካ ሕዝብ ነን። ሸክላውን የሠሩት የእኛው ሴቶች ናቸው፤ ሌላው ያንን ሙያ ለስድብ ሲጠቀምበት የኖረ ቢሆንም። ለእግዚአብሔር ሕግ ብለን ነው ያደረግነው፤ ግን ነቀዝ የሚደበቅበት የዕቃ ስንጥቅ፣ የዓምና ዱቄት ያለበት ጥግ በየዓመቱ ይጠፋ ነበር። ሻጩ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሽታውን ብቻ ነጥሎ ወሰደ። ብርዱን፣ ማድረቁን፣ መድፈኑን፣ አመዱን፣ ጽዳቱን ጎንደር ጥሎ መጣ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። «የእናቶቻችን ጥበብ» እያለ በስማችሁ ይነግዳል፤ ጥበቡን ግን አያውቀውም።

«ቲቭዒ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ደግሞ ውሸት ነው። እባብም ቲቭዒ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢጠጣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሊያስተው ይችላል። የቅርንፉድ ዘይትም ለልጅ እንዲሁ አደገኛ ነው። የጤናዳም ዘይት ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቧ ባይደርስ ይሻላል፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ቡና ላይ የምንጥላት አንዲት ዘለላ ጤናዳምና ከብዙ ቅጠል የተጨመቀ ዘይት አንድ አይደሉም። ጠርሙሱ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ይሸታል፣ ጣፋጭ ሽሮፕ ይመስላል፤ የምናስቀምጠውም ልጅ በሚደርስበት የዱቄት መደርደሪያ ላይ ነው። አብዛኛው ላይ የአምራች ስም የለበትም፣ ምን እንዳለበት አልተጻፈበትም። ያልተጻፈበትን ነገር ምግብ ውስጥ መጨመር ምን ይሉታል?

የሃይማኖቱንም ነገር እናንሣ፤ ሁላችንም በሆዳችን የያዝነው ነውና። ኦሪት ዘሌዋውያን 11 የሚርመሰመስ የሚሳበውን ከልክሏል። ቄሶቻችንም ሆኑ የዚህ አገር ረቢዎች በዚህ አይለያዩም። የሞተ ነቀዝም ነቀዝ ነው። ክኒኑም ዘይቱም ቢሠራላችሁ እንኳ የሚያተርፏችሁ የሞተ ነቀዝ ያለበት ዱቄት ነው። ብዙ እናት በወንፊት ነፍታ ዝም ብላ ትጋግራለች፤ 25 ኪሎ መጣል ያማታልና። አልፈርድባትም፤ የቢቱዋሕ ሌዑሚ ገንዘብ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። ለዚህ ነው ነገሩ ከመጀመሪያው እንዳይነቅዝ ማድረግ ላይ መሆን ያለበት።

እሱም ገንዘብ አይጠይቅም። ማክፒ አላችሁ አይደል? ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ ቤት እንደገባ ከ2 እስከ 3 ኪሎ አድርጋችሁ በላስቲክ ከፋፍሉትና አንድ ሳምንት ሙሉ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ማክፒ ውስጥ አስቀምጡት። እንቁላሉም እጩም ይሞታል። ትልቁን ከረጢት እንዳለ አትክተቱት፤ መሀሉ ሳይቀዘቅዝ ቀናት ያልፋሉ። ስታወጡት ወዲያው አትክፈቱት፤ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ እንደታሰረ ይቆይ፣ አለዚያ ውኃ ያዝለዋል፣ ይሻግታል። በርበሬና ሚጥሚጣ ቦታ ካለ ከናካቴው እዚያው ይኑር፤ በርበሬ የሚበላው ጥንዚዛ ትምባሆ የሚበላው ነው፣ ማቃጠሉ ምኑም አይደለም።

ለሽምብራ፣ ለባቄላና ለማሽላ ደግሞ ባዶ የኮላ ጠርሙስ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጠብ የሚል እርጥበት ሳይኖረው እስከ አፉ ሙሉትና ክዳኑን ጥብቅ አድርጉት። ውስጥ ያለው ነፍሳት አየሩን ተንፍሶ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ራሱ ይሞታል። ጎታውን በጭቃ ስንለስን ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የቮልካኒው ሽሎሞ ናቫሮ አየር በማያስገባ ትልቅ የላስቲክ ማከማቻ ላይ ሠርቶ ወደ አፍሪካና እስያ ደርሷል፤ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለካሜሩን ገበሬዎች ያወጣው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ዛሬ ኢትዮጵያም ገብቷል። ያለ አንዲት ጠብታ መድኃኒት።

ዘይት ካላችሁም ዘይት አለ፤ ተራው የምግብ ዘይት። ለ1 ኪሎ ሽምብራ ወይም ባቄላ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ ጨምራችሁ ሁሉም ፍሬ እስኪነካው ድረስ እሹት። ፍሬው ላይ የተጣለውን እንቁላል ያፍነዋል። ስታበስሉ ታጥቡታላችሁ። ለብዙ ወር ከተቀመጠ ሊከፋ ስለሚችል እሱን ቶሎ ለምታበስሉት አድርጉት። ከጠርሙሱ የመዓዛ ዘይት ይልቅ ለባቄላ ይሄ ይበጃል፤ ሻጩ ይህን አይነግራችሁም እንጂ። የመዓዛውን ዘይት ገዝታችሁ ከሆነ አትድፉት፤ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ጥግ ጥጉ በቁም መጥረጊያ ተጠርጎ፣ በሳሙና ታጥቦ ሲደርቅ ጥቂት በጨርቅ አስነክታችሁ ጥረጉበት። የሚጠቅመው እዚያ ነው፣ ከልጅም እጅ ርቆ።

ሱቅ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እናንተንም ልናገር። ሽሮና በርበሬ ያለ ቀን፣ ያለ ስም፣ በተቋጠረ ላስቲክ መሸጥ ይቅር። መቼ እንደተፈጨ ጻፉበት። ነቅዞ የመጣውን «ነፍተሽ ተጠቀሚበት» ብሎ ማስታጠቅ ነውር ነው። ክኒኑን ከጠረጴዛ ሥር የምታወጡ ካላችሁ ደግሞ ከነውርም አልፏል።

ከተማውንና የሚመለከታቸውን ሚኒስቴሮችም አልተውም። ስለ ፎስፊን ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ይምጣ፤ በወረቀትም ብቻ አይሁን። ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉን። በሬዲዮ ይነገር፣ በኩፓት ሆሊም ተርጓሚዎቹ ይንገሩ፣ በምኩራብ ይነገር፣ ቄሶቹ ሰው በተሰበሰበበት ይናገሩት። ለኮሮና ጊዜ ተደርጎ ነበር፤ መንገዱ የታወቀ ነው።

ልጆች፣ ይህን ለወላጆቻችሁ የምታነቡላቸው እናንተ ናችሁና አንድ ሥራ ላዛችሁ። ዛሬ ማታ የእማማን ማማድ ፈትሹ። አትቆጧቸው፤ «ከየት አመጣሽው» ብላችሁ እንደ ፖሊስ አትጠይቁ፣ ይደብቁታል። ክኒኑ በቆርቆሮው እንደታሸገ ካገኛችሁት አትክፈቱት፣ አትቁጠሩት። መጸዳጃ ውስጥ አትድፉት፣ ውኃ አታስነኩት፤ ውኃ ሲነካው ነው ጋዙ በኃይል የሚወጣው። ወደ ቆሻሻ መጣያም አትወርውሩት። ልጅና ዝናብ በማይደርስበት፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ከቤት ውጭ አስቀምጡና የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴርን በ*6911 ደውላችሁ ምን እንደምታደርጉ ጠይቁ። ክኒኑ ቀድሞ እህሉ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ከረጢቱን አትፍቱት። መስኮት ከፍታችሁ ሁሉም ሰው ከቤት ይውጣ፣ ጎረቤትም ይነገረው፣ ወደ 102 ደውሉ። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ከሸተታችሁ አትጠራጠሩ፤ ምንም ሳይሸትም ግን ሊኖር ይችላል። ራሱን ያመመው፣ ያስመለሰው፣ ትንፋሽ ያጠረው ካለ 101 ደውላችሁ «ቤት ውስጥ ፎስፊን አለ» በሉ። ቃሉን ያዙት፣ ፎስፊን። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ሃይፋ ራምባም ካለው የመርዝ መረጃ ማእከል ጋር ራሱ ይነጋገራል።